ለጊዜው የተቀመጠች ኮከብ

ሰኞ፣ ወር በገባ በ3

ጠዋት ቢሮ ስገባ ደህና አደርሽ ያለኝ ሰው የለም። ሁሉም በጋሽ መስመር ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሟል፤ የተቀመጠው እሱ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የሰው ዝርዝር አለ። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ ቁጥር፣ የምርመራው ዓይነት፣ ውጤቱ። የራሳችን ገጽ መስሎኝ «ደግሞ ምን ተበላሸ?» ብዬ ጠየቅኩ። ኃላፊያችን ዞር እንኳ ሳይል፣ «የእኛ ገጽ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ማንም መንገደኛ የሚከፍተው ገጽ ነው» አለ።

የሠላሳ አንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ውጤት የሚቀመጠው እኛ ዘንድ ነው። አሥራ አንድ ሺህ ሰው። አንዷ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ከስሟ ጎን የተጻፈውን አየሁና ዓይኔን መለስኩ። የማላውቃት ልጅ ናት፤ ግን በቁልፍ ቀዳዳ ያየኋት ያህል አፈርኩ።

ምሳ አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ በ4

ከውጭ መርማሪ አመጡ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ የምትጠይቀውን ቀድማ የምታውቅ የምትመስል ሴት ናት። ሳይመሽ ሌቦቹ የገቡበትን ቀዳዳ አገኘችው።

እዚህ ደብተር ላይ የሥራ ነገር ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጭንቅላቴ እንዲጠራ ልጻፈው። ፕሮግራሞቻችን እያንዳንዳቸው በየኮንቴይነራቸው፣ ማለትም በየራሳቸው የተከለለ ክፍል፣ ታሽገው ነው የሚሠሩት። የትኛው የት እንደሚሠራ እንዲወስን፣ የወደቀውንም መልሶ እንዲያነሣ የተሾመ አንድ ትልቅ ሶፍትዌር አለ፤ እኛ «አስተናባሪው» እንለዋለን። አስተናባሪው የታዘዘውን ብቻ የሚያደርግ ዘበኛ ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የፈቃድ ወረቀት አለው፤ ይህ እዚህ ክፍል ይግባ፣ ያ እዚያ ይግባ የሚል። በክፍሉ ስም ፋንታ የኮከብ ምልክት ከተደረገ ግን «ሁሉም ቦታ» ማለት ነው። ዘበኛው ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ለታካሚዎች የቀጠሮ ማስታወሻ የሚልክ ፕሮግራም አለን። ከሁሉም ትንሹ፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው። የእሱ ፈቃድ ላይ ኮከብ ተቀምጦ ተገኘ። ሌቦቹ የገቡት በእሱ ነው፤ ከገቡ በኋላ ደግሞ መስረቅ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ዘበኛው ራሱ እየመራ የውጤቱን ማከማቻ ከፈተላቸው።

ኮከቧ እዚያ ከተቀመጠች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው ተባለ። ማን እንዳስቀመጣት አልታወቀም።

ረቡዕ፣ በ5

ስብሰባ። ከስብሰባው ለመውጣት ሌላ ስብሰባ። ከክሊኒኮቹ ስልክ አያቋርጥም። አንድ ሐኪም ስልክ ላይ አለቀሰብኝ። ሐኪም ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም።

ኮከቧን አነሣናት። ለማንሣት አርባ ሰከንድ ፈጀብን። ባልዲዋን ይዛ የምታልፈው የጽዳት ሠራተኛ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ስትል ሰማኋት፤ ለእኛ ይሁን በስልክ ለምታወራው ሰው እንጃ።

ሐሙስ፣ በ6

ስለ ጋሽ መስመር መጻፍ አለብኝ።

መስመር ስሙ አይደለም፤ እኛ ያወጣንለት ነው። ኮድ ውስጥ የተዛነፈ መስመር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። መሳቢያው ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ማስመሪያ አለው፤ ስክሪኑ ላይ አስደግፎ መስመሮቹ በአንድ ልክ መጀመራቸውን ያያል። አዲስ ሰው ሲቀጠር መጀመሪያ የሚስቀው በዚያ ማስመሪያ ነው፤ በሦስተኛው ወር ራሱ ሊዋሰው ይመጣል። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። እሱም ለእኔ ስም አውጥቶልኛል፤ «እሜቴ ለጊዜው» ይለኛል። ነገር ሁሉ «ለጊዜው እንዲህ ይሁን» እያልኩ ስለምተው ነው።

አምና የኮዱንና የፈቃዶቹን ፋይሎች ከአሮጌው ማከማቻ ወደ አዲሱ ያዛወረው እሱ ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀበት፤ ምክንያቱም ዝም ብሎ አላዛወረም፣ እያንዳንዱን መስመር አቃና። የአዲሱ ማከማቻ መዝገብ ደግሞ የሚይዘው መስመሩን በመጨረሻ የነካውን ሰው ነው። ክፍተት ብቻ ቢያስተካክል እንኳ ስሙ ይገባል። አሮጌው ማከማቻ ተዘግቶ ጠፍቷል። እናም ዛሬ መርማሪዋ የኮከቧን መስመር ማን እንደጻፈው መዝገቡን ስትጠይቀው የመለሰላት የጋሽ መስመርን ስም ነው።

ከመስመሩ ጎን አንዲት ቃል ማስታወሻ አለች። መርማሪዋ ጮክ ብላ አነበበቻት።

«ለጊዜው። ይህ ምን ለማለት ነው?»

ጋሽ መስመር ማስመሪያውን በጣቶቹ መሐል ያገላብጥ ነበር። ወደ እኔ አላየም።

ለጊዜው ብሎ የማይጽፍ ሰው አለ እንዴ? ሁሉም ይጽፋል።

ዓርብ፣ በ7

ዓርብ ስለሆነ ይሆናል የዛሬ ሁለት ዓመቷ ዓርብ ትዝ ያለችኝ። የቀጠሮ ማስታወሻ መላኪያው ለሰኞ መድረስ ነበረበት። አስነሣዋለሁ፣ ይወድቃል፤ «ፈቃድ የለህም» ይለዋል አስተናባሪው። አንዱን ፈቃድ ስሰጠው ሌላ ይጠይቃል፤ ያንን ስሰጠው ሌላ። አሥራ አራት ጊዜ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ እማዬን ለዓይን ቀዶ ጥገናዋ ማድረስ ነበረብኝ። እናት ናት። ማንስ ቢሆን እናቱን በር ላይ አስቀምጦ ከማሽን ጋር ይጨቃጨቃል?

እንዴት እንዳሠራሁት በትክክል አላስታውስም። ሠራ፣ ሄድኩ። ሰኞ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ሰኞ ሌላ ነገር መጣ።

እሑድ፣ በ9

ቁርስ ላይ ለእማዬ ያንን ቀን አነሣሁባት። «ያን ዓርብ ሐኪም ቤት ስንሄድ እንዴት ነበር መንገዱ የተዘጋጋው!» አልኳት።

«የቱ ዓርብ?»

«የዓይንሽ ጊዜ።»

«የዓይኔ ቀጠሮ እኮ ቅዳሜ ነበር፤ ጠዋት። ዓርብማ አንቺ ከጓደኞችሽ ጋር እራት ብለሽ ቀሚስሽን ልትቀይሪ መጣሽ። እንደውም ሰማያዊው ነው፣ ዚፑን እኔ ነኝ የዘጋሁልሽ፤ በዚያ በማያይ ዓይኔ።»

እርጅና ነው፣ ቀን ይምታታባታል። ለነገሩ እማዬ ጎረቤታችን የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የተዋሰችንን ወንፊት ከነዕለቱ የምትናገር ሴት ናት። ይህችን ብቻ ነው የተሳሳተችው።

ማክሰኞ፣ በ11

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ክሊኒኮቹ ሰው ይፈልጋሉ። «ስህተት ተፈጠረ» አይበቃቸውም፣ ስህተቱ እግርና ስም እንዲኖረው ይፈልጋሉ።

መርማሪዋ ሁላችንንም ሰብስባ፣ «የአሮጌው ማከማቻ ቅጂ ያለው ሰው አለ? በግል ኮምፒውተርም ቢሆን» ብላ ጠየቀች። ሁሉም የለኝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። እርግጠኛ አልነበርኩም፤ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር እንዴት አለኝ እላለሁ?

መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሆኜ ከበሩ ወዲያ ሁለት የሒሳብ ክፍል ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ያን የመሰለ ጥንቁቅ ሰው! እኔ አላምንም።»

«ተይ እባክሽ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። የሠራው ሌላ ነው።»

እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው፣ ኮቴያቸው እስኪጠፋ ድረስ አልወጣሁም።

ሐሙስ፣ በ13። ሌሊት

በፊት የምሠራበት አሮጌው ላፕቶፕ ቁም ሣጥኑ ላይ ከብርድ ልብሱ ሥር ነበር። ቻርጀሩን ስፈልግ አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ያጣሁት መስሎኝ ደስ ብሎኝም ነበር፤ እውነቱን ልጻፍ። ከዚያ የእማዬ የስፌት ሣጥን ውስጥ አገኘሁት።

እኛ ሥራ ስንጀምር የማከማቻውን ሙሉ ቅጂ ወደየኮምፒውተራችን እናወርዳለን፤ ሥራው ሲያልቅ የሚያጠፋ የለም። ላፕቶፑን ከፈትኩት። አለ። ሙሉው አለ፤ ጋሽ መስመር ከማቃናቱ በፊት የነበረው፣ የሁላችንም የተዛነፈ መስመር ከነባለቤቱ።

ፈለግኳት። ኮከቧ አለች። ከጎኗ «ለጊዜው»። ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ከሃምሳ ሁለት። ከሰዓቱ ጎን ስም።

ስሜ ነው።

የሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር ብል ይህ ደብተር ራሱ ይታዘበኛል። መርማሪዋ ያቺን ቃል ካነበበችበት ደቂቃ ጀምሮ ዐውቃለሁ። ከዚያም በፊት፣ ሰኞ ጠዋት ገና ስክሪኑን ሳይ፣ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ዐውቋል። ቀሚሱም ሰማያዊ ነበር።

አሁን ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ነው። እማዬ በግድግዳው ወዲያ ስትገላበጥ ይሰማኛል። ጋሽ መስመር ምናልባት እሱም አልተኛም፤ ሦስት ሺህ መስመር አንድ በአንድ እያስታወሰ ይህችን መቼ ጻፍኩ እያለ ይሆናል። ወይም ደግሞ ማን እንደጻፋት እያወቀ። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። ራሴን ጠላሁት። ነገሩ ቀላል እኮ ነው፤ አንድ ፎቶ አንሥቶ መላክ ነው። ስልኬ እጄ ላይ ነው።

ቅዳሜ፣ በ15

ሰኞ እናገራለሁ። ወሰንኩ። ደህና ተኛሁ።

ሰኞ፣ በ17

የኃላፊያችን በር ገርበብ ብሎ ነበር። ገባሁ። ስልክ ይዞ ነበርና በእጁ ተቀመጪ አለኝ። ሲጨርስ ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸና፣ «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ይህ ክፍል እስካሁን ፈርሶ ነበር። እውነቴን ነው። ሌሊት ሌሊት የምትሠሪውን አያለሁ» አለኝ። ልጁ ታማበታለች። ሦስት ክሊኒኮች ውላቸውን አቋርጠዋል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን ፈልገሽ ነበር?»

«የፈቃድ ወረቀቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ እንከልሳቸው ልልህ ነው» አልኩ።

«ጎበዝ!» አለኝ።

ነገ።

ማክሰኞ፣ በ18

ነገ።

ረቡዕ፣ በ19

ጋሽ መስመር ደረጃው ላይ አገኘኝ። ሊፍቱ ይሠራል፤ ግን ሁለታችንም በደረጃው መሄድ ጀምረናል፣ ሊፍት ውስጥ ሰው ትክ ብሎ ያያል።

«እሜቴ ለጊዜው፣ ከስተሻል» አለኝ።

«ሥራው ነው ጋሼ።»

መደገፊያውን ይዞ ቆመ። «እኔ'ኮ ክፍተቱን ነው ያየሁት፣ ቃሉን አላየሁም። ያን ሁሉ መስመር አቅንቼ ያቺን አንዷን ቆም ብዬ አላነበብኳትም። ባነባት ኖሮ አላልፋትም ነበር። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለኮሚቴውም ብያቸዋለሁ።»

«ሁላችንም ነን ጋሼ…»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። የታጠቀውን ሰው አልቀየመውም፤ እኔም ወጣት ሆኜ ስሮጥ ነበር።» መደገፊያውን ለቀቀ። «ኮሚቴው የሚወስነው ዓርብ ነው። እስከ ዓርብ ሁለት ቀን አለ። ሁለት ቀን ብዙ ነው።»

ከዚያ ወረደ። በግራ እጁ የምሳ ዕቃውን ይዟል፤ ባለቤቱ አስተማሪ ናት፣ በጠዋት ተነሥታ ነው የምታስርለት። ደረጃው እስኪያልቅ ድረስ ኮቴው ይሰማኝ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ በራሱ አፍ ተናግሯል። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አላነበብኩም ብሏል። አንድ ሰው ቢጽፍም ሌላው ማንበብ ነበረበት፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ…

ይህን ዓረፍተ ነገር አልጨርሰውም።

ዓርብ፣ በ21

ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ጋሽ መስመርን ጠራው። ስምንት ከሃያ ወጣ። የመግቢያ ካርዱን አስረከበ። ጃኬቱን ለበሰ። የሁላችንንም እጅ ጨበጠ፤ የእኔን መጨረሻ። እጁ ደረቅና ሙቅ ነው። «አይዞሽ» አለኝ።

እሱ ነው አይዞሽ ያለኝ።

እሑድ፣ በ23

እማዬ ድራማዋን በስልክ ማየት ዓይኗን እያደከማት ነው። ሰፋ ያለ ስክሪን ያስፈልጋታል። አሮጌው ላፕቶፕ ዝም ብሎ አቧራ ከሚጠጣ ለእሷ ይሁን አልኩ። ዕድሜው ስለገፋ ግን ይንቀራፈፋል፤ እንዲፈጥንላት ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩላት። ሁለት ሰዓት ፈጀ። «በእርግጥ ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

እማዬ ደስ አላት። «ንጹሕ ሆኗል!» እያለች በሻሿ ስክሪኑን ስትወለውለው ቆየች። ከዚያ በመነጽሯ ላይ አሻግራ እያየችኝ፣ «አንቺ ግን ምን ሆነሽ ነው? ወሩ ከገባ ጀምሮ እህል ከአፍሽ ጋር ተጣልቷል» አለችኝ።

«ምንም።»

«እንግዲህ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብላ ወደ ድራማዋ ዞረች።

ሐሙስ፣ የሚቀጥለው ወር በገባ በ4

የጋሽ መስመርን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ። የፈቃድ ወረቀቶቹን ሁሉ የምከልሰው እኔ ነኝ። ማንም ሰው ኮከብ ማስቀመጥ ከፈለገ እኔ መፈረም አለብኝ።

ጠረጴዛው መስኮት አጠገብ ነው። መሳቢያው ባዶ ነው፤ ማስመሪያውን ወስዶታል። የወሰደው ደስ አለኝ።

መርማሪዋ የመጨረሻ ሪፖርቷን እያጠናቀቀች ነው። «ያልጠራልኝ ነገር ካለ በስልክ እጠይቃችኋለሁ» ብላ ሄደች። ስትሰናበተኝ ዓይኗን ትንሽ አቆየችብኝ። ወይም እኔ ነኝ ያቆየሁት።

ከክሊኒኮቹ አንዷ ነርስ ዛሬ ደውላ ነበር። ሌላ ጉዳይ አውርታ ስትጨርስ፣ ዝርዝሩ ከወጣ ወዲህ መድኃኒታቸውን ሊወስዱ የማይመጡ ሰዎች እንዳሉ ነገረችኝ። «አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አለች» አለችኝ። ስሟን አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ፣ በ9

ጋሽ መስመር ደወለ። ስሙን ስልኩ ላይ ሳይ ሊሰድበኝ መስሎኝ ነበር፤ ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

«አንድ ቦታ በር ከፈቱልኝ» አለኝ። «ብዙ ቦታ ሞክሬያለሁ፤ ስሜን ሲሰሙ ይዘጋሉ። እነዚህ ግን አብሮህ የሠራ ሰው ደብዳቤ ይጻፍልህና እንየው ብለዋል። የምታውቂውን ብቻ ጻፊልኝ፣ ሌላ አልፈልግም። በዚህ ዕድሜ ሌላ በር የሚከፈትልኝ አይመስለኝም።»

ከጀርባው የባለቤቱ ድምፅ ይሰማል፤ «አመሰግናለሁ በልልኝ» ትላለች። ምን አድርጌላት ነው የምታመሰግነኝ?

«የምታውቂውን ብቻ» አለ። ጋሼ፣ የማውቀውን ብቻ ብጽፍልህ ደብዳቤው አንድ መስመር ነው።

ረቡዕ፣ በ10። ሌሊት

አራት ጊዜ ጻፍኩት፤ ሦስቴ አጠፋሁት። በመጀመሪያው ላይ እውነቱን ጻፍኩ። «ኮከቧን ያስቀመጠው እሱ አይደለም፣ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩና ደጋግሜ አነበብኩት። ፊደሉ እንኳ ያምራል። ከዚያ ይህን የሚያነብ ሰው ስልክ አንሥቶ ወደ ኃላፊያችን ሲደውል ታየኝ፣ እማዬ ታየችኝ፣ ይህ ጠረጴዛ፣ ይህ መስኮት። አጠፋሁት።

የተረፈው ይህ ነው፦ ስምንት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ከእሱ የበለጠ ጥንቁቅ ሰው አላውቅም። ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው። የሌላውን ሰው ሥራ እንደራሱ ያቃናል። በደረሰው ነገር ላይ የተባለውን ሁሉ አላምንም።

«አላምንም» ብዬ ነው የጻፍኩት። «ዐውቃለሁ» አላልኩም። ይህችን አንዷን ቃል ሸሽቼ ሌሊቱ አለቀ። ቢያንስ ግን ይህ ያነሣዋል። ይህ እንኳ ከተሳካ የሆነ ነገር መለስኩለት ማለት ነው። ሌላ ምንም የለኝም።

ዓርብ፣ በ12

ደብዳቤውን አግኝቷል። መልእክቱ፦ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ ለጊዜው። ልክ ነው የጻፍሽው። ሁለተኛውና አራተኛው አንቀጽ ላይ ክፍተቱ ተዛንፎ ነበር፣ አቃናሁልሽና ለሰዎቹ ላክሁት።»

ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ለእማዬም አነበብኩላት፣ ማስመሪያው ስክሪኑ ላይ ሆኖ ታየኝ። ሰውዬው አይለወጥም።

ሰኞ፣ በ15

ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። መርማሪዋ ናት። ወይም ኮሚቴው። አላነሣሁም።

ማክሰኞ፣ በ16

ያው ቁጥር። ሁለት ጊዜ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ባልሆንም አላነሣውም ነበር። ሪፖርቷ አልጠራላትም ማለት ነው።

ሐሙስ፣ በ18

ዛሬም። ስልኬን ድምፅ አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ እንጨቱ ውስጥ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ምን እንደምመልስ እያሰብኩ ነው። «አላስታውስም» እላለሁ። «ቅጂ የለኝም» እላለሁ፤ ይህ ደግሞ አሁን እውነት ነው።

ጋሽ መስመር መልእክት ልኮ ነበር። «ሰዎቹ ዝም አሉ። በአንቺ በኩል የሰማሽው ነገር አለ?» አልሰማሁም ብዬ መለስኩለት።

እሑድ፣ በ21

ሁለት ቀን አልደወሉም። እፎይ አልኩ። ከዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ እፎይ ማለቴን የማስታውሰው ዛሬ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ በ23

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ልብሴን ልቀይር ገባሁ። ደወለ። ተውኩት። ሁለተኛ ደወለ። «ኧረ ይሄን ስልክ አንሺው፣ ጆሮዬን አደነቆረው!» አለች እማዬ፤ ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፣ በጨዋ ድምፅዋ «አለች፣ አለች፣ ቆዩ ትመጣለች» ስትል ሰማሁ። በአንድ እግሬ ጫማ እንዳደረግኩ ወጣሁ። ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

መርማሪዋ አልነበረችም። ጋሽ መስመር ያመለከተበት መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ነን አለችኝ ሴትዮዋ። ትሕትና ያላት ሴት ናት።

«እርስዎን ለማግኘት ብዙ ሞክረን ነበር። ስለ ድጋፍ ደብዳቤው ነው። ፋይሉን ስንከፍተው በመጨረሻ ያስተካከለው ራሱ አመልካቹ ነው ይላል። የመረጃ ጥበቃ ሥራ ስለሆነ እንዲህ ያለውን እናጣራለን። ደብዳቤውን ራሱ ጽፎት ይሆን ብለን፣ ከእርስዎ አንድ ቃል ለመስማት ነበር።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ይቅርታ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። እሱ ክፍተቱን ብቻ ነው ያቃናው። ልማዱ ነው፤ የተዛነፈ ካየ አያልፍም። ቃሉን አልነካም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ድምፄ እየጮኸ እንደሆነ አላወቅኩም። «እሱ አይደለም። ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሙ እዚያ ላይ የገባው ስላቃናው ብቻ ነው። ይሰማሉ? እኔ ነኝ!»

ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ።

«አምናለሁ» አለች። «ቀደም ብለን አግኝተንዎት ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። ቦታው ዓርብ ዕለት በሌላ ሰው ተያዘ። የደወልኩት ፋይሉን ለመዝጋት ያህል ነው፤ ለእሱም ዛሬ ነግረነዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እሱስ ምን አላችሁ?»

«እሺ አለ። እርስዎን እንዳናስቸግርዎት ለመነን።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቆሜ ነበር። የላፕቶፑ ድራማ ቆሟል፤ እማዬ አቁማዋለች። በንጹሑ ስክሪን ብርሃን ፊቷ ይታየኛል።

«ምኑን ነው የጻፍሽው?» አለችኝ።

ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ አንድ ሰው እንዲጠይቀኝ ስፈራም ስመኝም የኖርኩት ይህንን ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«ደብዳቤ» አልኳት።